የገና ኮንሰርት ለፉድ ባንክ፦ ከደመራ እስከ ከተራ ያለው ሥራ

የፈረንጅ ገና ካለፈ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ምን እንደሚሆን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? የገና ዛፉ መንገድ ዳር ይጣላል። ሱፐርማርኬት በር ላይ ቆሞ የነበረው የምግብ መለገሻ ሳጥንም አብሮ ይነሳል። ከታንክስጊቪንግ እስከ ዲሴምበር 25 ሰዉ ሁሉ ቸር ነው። ጃንዋሪ ሲገባ ግን የፉድ ባንኮች መደርደሪያ ይሳሳል። ወረፋው አይሳሳም። እንዲያውም ብርዱ ከፍቶ የማሞቂያ ሂሳብ የሚቆለለው ያኔ ነው።

የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ነው። ጎረቤቶቻችን "ገና አላለፈም እንዴ?" እያሉ ሲገረሙብን ኖረናል። ለፉድ ባንክ ግን መዘግየታችን ሲሳይ ነው። ሌላው ሰጥቶ ሲጨርስ የእኛ ተራ ይደርሳል። ኮንሰርቱን ከገና በኋላ አድርጉት የምለውም ለዚህ ነው፤ ዝርዝሩን ወደ ታች እመለስበታለሁ።

የምጽፈው ዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያው ያለውን ኑሮ እያሰብኩ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ያለ እድር፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የጓደኛሞች ማኅበር 200 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ይዞ ሊሠራው የሚችል ዝግጅት ነው። ሌላ ከተማ ካላችሁ የቢሮዎቹን ስም ቀይሩና ቀጥሉ።

መጀመሪያ ስልክ፣ ከዚያ ዘፋኝ

ብዙዎቻችን ከዘፋኝ እንጀምራለን። ስህተት ነው። የመጀመሪያው ስልክ ለፉድ ባንኩ ይደወል፤ ያውም ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ ደመራ በሚለኮስበት ሰሞን።

ከመደወላችሁ በፊት አንድ ነገር ለዩ። ፉድ ባንክ ትልቅ መጋዘን ነው። ምግብ በጭነት መኪና ይቀበላል፣ ያከማቻል፣ ለትናንሽ ማከፋፈያዎች ይሰጣል። ሰው ሄዶ ካርቶኑን የሚቀበልበት ቦታ ፉድ ፓንትሪ ይባላል። ፓንትሪው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም መስጊድ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ሐሳቡ የመጣው ከአሪዞና ነው። ጆን ቫን ሄንግል የተባለ ሰው በ1967 ፊኒክስ ከተማ ውስጥ የመጀመሪያውን ፉድ ባንክ አቋቋመ። የተረፈው የሚያስገባበት፣ የቸገረው የሚያወጣበት ቤት ስለሆነ ባንክ ተባለ።

በእኛ አካባቢ ካፒታል ኤሪያ ፉድ ባንክ ዲሲን፣ ሞንትጎመሪንና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲን፣ ሰሜን ቨርጂኒያንም ያዳርሳል። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ማና ፉድ ሴንተር አለ። አርሊንግተን ደግሞ አርሊንግተን ፉድ አሲስታንስ ሴንተር አለ። ማኅበራችሁ ትንሽ ከሆነ ትልቁን መጋዘን ትታችሁ ቅርባችሁ ያለውን ፓንትሪ ምረጡ። ሰዉ በየቀኑ በመኪና የሚያልፍበትን ቦታ ስታነሱለት ኪሱ ቶሎ ይፈታል።

ስትደውሉ የሚከተሉትን ጠይቁ፣ መልሱንም በኢሜይል እንዲልኩላችሁ አድርጉ፦

- ስማችሁንና ዓርማችሁን ፍላየር ላይ ማውጣት እንችላለን?
- ገንዘብ ይሻላችኋል ወይስ ምግብ? ምግብ ከሆነ የትኛው?
- ለለጋሾች የታክስ ደረሰኝ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ?
- ምግቡን በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት እናምጣ?
- ከሠራተኞቻችሁ አንድ ሰው መጥቶ ሦስት ደቂቃ ሊናገር ይችላል?

የዓርማው ነገር ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። ያለ ፈቃድ የሰው ስም ለጥፎ ገንዘብ መሰብሰብ ጣጣ ያመጣል። የሐበሻ ታዳሚም "በእርግጥ ያውቋችኋል?" ማለቱ አይቀርም። ኢሜይሉን በስልካችሁ ያዙ።

ቀኑን መቁረጥ

ዲሴምበር ውስጥ ካደረጋችሁት የነቢያት ጾም ላይ ናችሁ። ጾሙ ኅዳር 15 ይገባና እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። ያን ጊዜ ምግቡ የጾም መሆን አለበት፣ እስክስታ የሚወርድበት ድግስም ብዙ ሰው ቅር ያሰኛል። በገናና መዝሙር ብቻ ከሆነ ይቻላል።

እኔ የምመርጠው ከገና በኋላ፣ ከከተራ በፊት ያለውን ቅዳሜ ነው። ጥምቀት አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ስለሚውል አንድ ወይም ሁለት ቅዳሜ ታገኛላችሁ። ሰዉ ፈስኳል፣ የበዓሉ ስሜት አልለቀቀም፣ ፉድ ባንኩ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከማንም ልገሳ አይጠብቅም። ዓርብን ተዉት፤ በእነዚህ ሳምንታትም ዓርብ ጾም ነው። ሰኞ የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን የሚውልበት ረጅም ቅዳሜና እሑድ ከገጠማችሁ ደግሞ ሌላ ዕድል አለ። ያ ቀን በአሜሪካ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ቀን ነው። ቅዳሜ ኮንሰርት አድርጋችሁ ሰኞ ልጆቹን ይዛችሁ ፓንትሪው ውስጥ ቆርቆሮ መደርደር ትችላላችሁ። ቦታው ቶሎ ስለሚያዝ ቀደም ብላችሁ ተመዝገቡ።

ጃንዋሪ ስለሆነ በረዶ አለ። አዳራሽ ስትይዙ "በረዶ ከጣለ የሚቀየርልን ሁለተኛ ቀን አለ ወይ?" በሉ። መልሱን ውሉ ላይ አስጽፉት።

ኮሚቴ

አምስት ሰው ይበቃል። አንዱ አዳራሽና ፈቃድ፣ አንዱ መድረክ፣ አንዱ ትኬትና ማስታወቂያ፣ አንዱ ምግብ፣ አንዱ ገንዘብ። አሥራ ሁለት ሰው የተመረጠበት ኮሚቴ ውስጥ ገብቼ አይቻለሁ፤ ስብሰባ እንጂ ሥራ አልነበረም። ገንዘብ ያዡና ቆጣሪው ባልና ሚስት አይሁኑ። ቢዋደዱም አይሆንም፣ ቢጣሉም አይሆንም።

አዳራሹ

ኮሚኒቲ ሴንተር፣ የትምህርት ቤት አዳራሽ፣ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ሁሉም ይሆናል። ብዙዎቹ የአንድ ቀን የዝግጅት ኢንሹራንስ ይጠይቃሉ፤ የተለመደው የ1 ሚሊዮን ዶላር ሽፋን ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል እንጂ የምትከፍሉት ዋጋ የዚያን ያህል አይደለም። ኦንላይን ይገዛል።

ውሉ ላይ የተጻፈውን የመዝጊያ ሰዓት አስምሩበት። "እስከ ማታ 3 ሰዓት" ካለ፣ በ3 ሰዓት ተጠርጎ፣ ወንበር ታጥፎ፣ መብራት ጠፍቶ ማለት ነው። ኮንሰርቱ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ላይ ማለቅ አለበት።

ምግብ ልትሸጡ ከሆነ የካውንቲው ጤና ቢሮ ጊዜያዊ ፈቃድ እንደሚፈልግ ጠይቁ። ቤት የተሠራ ወጥ ይዞ መምጣት ብዙ ቦታ አይፈቀድም። ፈቃድ ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ብታመጡ ራስ ምታቱ ይቀንሳል።

ቡናውስ? እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። አንድ ዓመት ረከቦቱን ዘርግተን፣ ቄጠማ ጎዝጉዘን፣ ሽታው ያምጣ ብዬ ዕጣን ጨመርኩ። የጭስ አላርሙ ጮኸ። ሁለት የእሳት አደጋ መኪና መጣ። ሰዉ በነጠላ ብርድ ላይ ቆሞ ከግማሽ ሰዓት በላይ ጠበቀ። ማንም አልተቆጣኝም፣ "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" እያሉ ሳቁብኝ እንጂ፤ ግን ፕሮግራሙ አለቀለት። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ምድጃ ይዛችሁ ሂዱ። ቡናው ተቆልቶ ይምጣ። ዕጣኑ ቤት ይቅር፤ የግድ ካማራችሁ ግን የአዳራሹን ኃላፊ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መድረኩ ላይ ማን ይውጣ?

ዋናው ፈተና እዚህ ነው። ገና የሁሉም ነው፣ መድረኩ ግን አንድ ነው። የኦርቶዶክስ ሰንበት ትምህርት ቤትና የፕሮቴስታንት ኳየር በአንድ ፕሮግራም እንዲዘምሩ ስትጠይቁ ሁለቱም በትሕትና "እናስብበት" ይላሉ። ያ ማለት አይሆንም ማለት ነው። አትጫኑ። ምርጫችሁን ከመጀመሪያው ለዩ፦ ወይ ዝግጅቱ የአንድ ቤተ ክርስቲያን መንፈሳዊ ጉባኤ ነው፣ ወይ የሁሉም የባህል ምሽት ነው።

ለመጀመሪያ ዓመት የባህል ምሽቱን እመክራለሁ። ክራር፣ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ የሕፃናት መዝሙር፣ የገና ጨዋታ ትርኢት። ሙስሊሙ ጎረቤታችሁም ቤተሰቡን ይዞ ይመጣል። ስብከት አይኑር። መዝሙር የሚያቀርብ ሰንበት ትምህርት ቤት ከጋበዛችሁ የደብሩን አስተዳዳሪ በደብዳቤ ጠይቁ፤ ልጆቹን በግል አግባብታችሁ አታምጡ። ቅዳሴና ማኅሌት ቦታቸው ቤተ መቅደስ ነው፣ ትኬት የተቆረጠበት መድረክ ላይ አይወጡም።

በገና ደርዳሪ ካገኛችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ሁለት ነገር ብቻ ጠብቁለት። አንደኛ፣ በገና እየተደረደረ ሽሮ አይቀርብም። የጸሎት መሣሪያ ነው፤ ሰዉ ተቀምጦ ጸጥ ሲል ይጀመር። ሁለተኛ፣ ሳውንድማኑን አስቀድማችሁ አነጋግሩት። በገና 10 አውታር አለው፣ ድምፁ ወፍራምና የሚነዝር ነው። ያ ንዝረት የሚመጣው አውታሩ ሥር ከተሸጎጠችው ቁራጭ ቆዳ ነው፤ እንዚራ ትባላለች። በገና የማያውቅ የድምፅ ባለሙያ "ስፒከሩ ተበላሸ" ብሎ ንዝረቱን ሊያጠፋው ይሞክራል። ማይኩ ሳጥኑ አጠገብ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ከበሮ ከማሲንቆ ጋር ከወጣ ደግሞ ለከበሮው ማይክ አትስጡ፣ ራሱን ችሎ ይጮኻል።

ሕፃናቱን መጀመሪያ አድርጉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ልጁ የሚዘምርለት ወላጅ አይዘገይም። አያቱም፣ አክስቱም በሰዓቱ ይመጣሉ። ሃያ ልጅ ያለው መዝሙር ስልሳ ሰው በሰዓቱ ያስገባላችኋል።

አሁን ሕጉን እንይ። ሌላ ሰው የደረሰውን ዘፈን በሕዝብ ፊት ለማቅረብ በአሜሪካ ሕግ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን የሚሰጡት እንደ አስካፕና ቢኤምአይ ያሉ ድርጅቶች ናቸው። ለበጎ አድራጎት ግን አንድ ቀዳዳ አለ፤ የኮፒራይት ሕጉ ክፍል 110 ንዑስ ቁጥር 4። ዝግጅቱ ለንግድ ካልሆነ፣ ለዘፋኙም ለአዘጋጁም ለአስተዋዋቂውም ክፍያ ካልተሰጠ፣ ወጪ ተቀንሶ የቀረው ሁሉ ለበጎ አድራጎት ከዋለ ፈቃድ አያስፈልግም። ትኬት ብትሸጡም ያው ነው። የመብቱ ባለቤት ግን ቢያንስ ከ7 ቀን በፊት በጽሑፍ ከተቃወመ ይቀራል።

ሁለት ወጥመድ አለው። ለአንዱ ሙዚቀኛ "ትንሽ ነገር" ብላችሁ ፖስታ ብትሰጡ ቀዳዳው ይዘጋል። በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ ቀጥታ ብታስተላልፉም ሕጉ አይሸፍናችሁም። ባለሙያ ከፍላችሁ የምታመጡ ከሆነ አዳራሹ የራሱ የሙዚቃ ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ፤ አንዳንዶቹ አላቸው።

ገንዘቡ

በዳያስፖራ ገንዘብ ማሰባሰብ ላይ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ "ብሩ የት ገባ?" መልሱን ከጥያቄው አስቀድሙ።

ቀላሉ መንገድ ገንዘቡ በእጃችሁ እንዳያልፍ ማድረግ ነው። ብዙ ፉድ ባንኮች ለእንዲህ ዓይነት ዝግጅት የልገሳ ገጽ ይከፍቱላችኋል። የኪው አር ኮዱን አትማችሁ በየጠረጴዛው ለጥፉት። ሰዉ በስልኩ ይሰጣል፣ ደረሰኙ ቀጥታ ኢሜይሉ ይገባል። ማኅበራችሁ 501 ሲ 3 የሚባለው ከታክስ ነፃ የሆነ የበጎ አድራጎት ድርጅት እውቅና ከሌለው የታክስ ደረሰኝ መስጠት ስለማትችሉ ይህ መንገድ ሁለት ጊዜ ይጠቅማችኋል።

ቁጥሩን በምሳሌ ላሳይ። 160 ትኬት በ25 ዶላር 4,000 ይሆናል። ምግብና ቡና 1,200፣ ጨረታ 1,500 ቢያስገባ ጠቅላላው 6,700 ነው። ወጪው ደግሞ አዳራሽ 900፣ ድምፅ 600፣ ምግብ 600፣ ኢንሹራንስ 200፣ ሕትመትና ልዩ ልዩ 200፤ ድምሩ 2,500። ለፉድ ባንኩ 4,200 ይቀራል። ጥሩ ነው፣ ግን ይሻሻላል። ያንን 2,500 ትኬት ሳይሸጥ ከስፖንሰር ሰብስቡት። ምግብ ቤቱ፣ ቤት አሻሻጩ፣ የታክስ ሠራተኛው፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ እያንዳንዳቸው 250 ቢሰጡ አሥር ሰው ነው የሚያስፈልጋችሁ። ያኔ መድረክ ላይ ቆማችሁ "ከትኬታችሁ አንዲት ሳንቲም አልተነካችም" ማለት ትችላላችሁ። ይህች ዓረፍተ ነገር ጨረታውን እጥፍ ስታደርግ አይቻለሁ።

ጨረታን አትናቁ። ድፎ ዳቦ፣ ሥዕል፣ የሐበሻ ቀሚስ፣ አጫራቹ ወሬ አዋቂ ከሆነ የ20 ዶላር ዳቦ 400 ያወጣል። ሎተሪ ግን በብዙ ስቴት ፈቃድ ይፈልጋል፤ ካላጣራችሁ አትግቡበት።

ስለ ታክስ አንድ ቃል። ትኬቱ 80 ዶላር ከሆነና እራቱ 30 የሚያወጣ ከሆነ ሰውየው ታክስ ከሚከፍልበት ገቢ ላይ የሚቀንሰው 50 ብቻ ነው። ክፍያው ከ75 ዶላር ካለፈ ድርጅቱ ይህንን በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ትኬቱን 25 ካደረጋችሁት ይህ የማሳወቅ ግዴታ ይቀርላችኋል።

ጥሬ ገንዘቡን ሁለት ሰው እዚያው ይቁጠር፣ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ፎቶ ይነሳ።

በር ላይ የሚሰበሰበው ምግብ

ገንዘብ ይሻላል። ፉድ ባንክ በጅምላ ስለሚገዛ እናንተ በአንድ ዶላር የማትገዙትን ይገዛል። ፉድ ባንኮችን የሚያስተባብረው ፊዲንግ አሜሪካ አንድ ዶላር ቢያንስ 10 ሰው አንድ ጊዜ የሚመገበውን ለማቅረብ ያግዛል ይላል። ያም ሆኖ ልጅ በእጁ የያዘውን ከረጢት ሲያስረክብ የሚሰማው ሌላ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም አድርጉ።

ፍላየሩ ላይ "ምግብ ይዛችሁ ኑ" ብቻ አትጻፉ። እንዲያ ካላችሁ ሰዉ ኩሽናው ጥግ ሁለት ዓመት የተቀመጠ የዱባ ቆርቆሮ ያመጣል። ምስር፣ ክክ፣ ሽምብራ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዘይት፣ የቱና ቆርቆሮ ብላችሁ ዘርዝሩ። የታሸገ የጤፍ ዱቄት ቢገኝ በጣም ይፈለጋል፤ ወረፋው ላይ የእኛም ሰው አለና። ቤት የተደለዘ በርበሬ፣ እንጀራ፣ የተከፈተ እሽግ አይቀበሉም። ጠርሙስ ስለሚሰበር ብዙዎቹ አይፈልጉም። በር ላይ አንድ ሰው ቆሞ ቀኑን ያንብብ፤ ያለፈበትን በፈገግታ ይመልስ።

አዳራሹ ውስጥ ያለው ችግር

ይህን ያነሳልኝ አንድ የፓንትሪ በጎ ፈቃደኛ ነው። "ትኬት ከገዙት ውስጥም የሚያስፈልገው አለ" አለኝ። እውነቱን ነው። ገና የመጣ፣ ሁለት ሥራ እየሠራ ኪራይ የማይደርስለት፣ ለአገር ቤት እየላከ ራሱ የሚጦም አለ። ይሉኝታ ግን አፉን ይዞታል።

የፓንትሪዎቹን አድራሻና ሰዓት በአማርኛ፣ በትግርኛና በአፋን ኦሮሞ በትንሽ ወረቀት አትሙ። 211 ላይ ቢደውል ስለ ምግብና ስለ ኪራይ እርዳታ እንደሚነገረውም ጨምሩበት። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ፣ ማንም አያነሳውም። መጸዳጃ ቤት ውስጥ፣ መስታወቱ አጠገብ አስቀምጡት። እኛ ባለፈው 60 አስቀምጠን 9 ተረፈ።

ትኬት መሸጥ

ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ የምግብ ቤቶች መስታወት፣ የእድር ስብሰባ። ፍላየር ብቻውን አይሸጥም። እያንዳንዱ የኮሚቴ አባል 20 ትኬት ይውሰድ። ሰዓቱን ስትጽፉ "ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በአሜሪካ 4 ፒኤም" በሉ። "10 ሰዓት" ብቻ ያለ ፍላየር አይተው ጠዋት በ10 ኤኤም የመጡ እናት አጋጥመውኛል። ሦስት ልጅና አንድ ሙሉ መሶብ ይዘው ነበር።

የዕለቱ ሥራ

አዳራሹን ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ ያዙ። ድምፅ በ7 ይገባ፣ ሙከራ በ8። በር 9፡30 ይከፈት። 10፡15 ላይ፣ ሰዉ ቢሞላም ባይሞላም፣ ልጆቹ ይውጡ። ከዚያ የፉድ ባንኩ ሰው ሦስት ደቂቃ ይናገር። አስተርጓሚው አያራዝምበት። ክራርና ማሲንቆ ይከተሉ። እረፍት፣ ምግብ፣ ቡና፣ ጨረታ። ጨረታው ሰዉ ከበላ በኋላ ይሁን፤ የጠገበ ይሰጣል። ከእረፍት ሲመለሱ በገና፣ መጨረሻ ላይ የጋራ ጭፈራ። በዚህ ቅደም ተከተል ሦስት ሰዓት ይበቃል።

መድረክ መሪው ሁለቱንም ቋንቋ የሚችል ይሁን፣ ቀልዱ ግን አጭር ይሁን። "ክብርት እገሌን፣ ክቡር እገሌን" እያለ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ ማይኩን የሚቀበለው ሰው አስቀድማችሁ መድቡ። ለጽዳት የሚቀሩ ስምንት ሰዎችን በስም ጻፉ። "ሁላችንም እናጸዳለን" የተባለበት አዳራሽ የሚጸዳው በሦስት ሴቶች ነው።

ከዚያ በኋላ

ምግቡን በተነጋገራችሁበት ቀን አድርሱ። እዚያ በፓውንድ ይመዝኑታል። 1.2 ፓውንድ እንደ አንድ ሰው የአንድ ጊዜ ምግብ ስለሚቆጠር 600 ፓውንድ ብታስገቡ 500 ሰው አንድ ጊዜ የሚመገበው ሆነ ማለት ነው። ልጆቹ ሚዛኑ ላይ ያለውን ቁጥር ቆመው ይዩት፣ ፎቶም ይነሱ።

ገቢና ወጪውን በአንድ ገጽ አዘጋጁ። ከፉድ ባንኩ ደረሰኝ ጋር ግሩፑ ላይ ልቀቁት፤ ያውም ከተራ ሳይደርስ። ጥምቀት ከመጣ ሰዉ ሐሳቡ ጃንሜዳ ነው፣ ማንም አያነብላችሁም። ለአዳራሹም ኃላፊ ቁልፍ ስትመልሱ የሚቀጥለውን ዓመት ቅዳሜ አስይዙ።